ጥርስ ያረፈበት ጠመኔ

በሕይወቴ የመጀመሪያውን ጥፊ የቀመስኩት ባልበላሁት ጠመኔ ነው።

ሰባት ዓመቴ ነበር። እናቴ ልብስ ሰፊ ስለሆነች ቤታችንም ሱቃችንም አንድ ክፍል ነበር፤ በመንገዱ በኩል የስፌት መኪናዋ፣ መሃል ላይ ጨርቅ የሚቆረጥበት ሰፊ ጠረጴዛ፣ ከመጋረጃው ጀርባ ደግሞ አልጋዎቻችን። ጠረጴዛው ሥር ቁርጥራጭ ጨርቅ ይከመራል። እኔና እህቴ እዚያ ክምር ውስጥ ነው ያደግነው ብል ብዙም አላጋነንኩም። እማዬ ጨርቅ ላይ የምታሰምርበት ጠመኔ፣ ያ ስስ ባለ ሦስት ማዕዘኑ፣ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ በቆርቆሮ ጣሳ ይቀመጥ ነበር። ይቀመጥ ነበር ከማለት ይጠፋ ነበር ማለት ይሻላል።

«ጠመኔዬን ማነው የሚጨርስብኝ?» አለች አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ጣሳውን ገልብጣ እያራገፈች። አንዲት ስባሪ ብቻ ወደቀች።

እኔ ጠረጴዛው አጠገብ ቆሜያለሁ። እህቴ ጠረጴዛው ሥር ናት። እማዬ አልጠየቀችኝም፤ መጣችና ጆሮ ግንዴ ላይ አሳረፈችው። ጆሮዬ ጭው አለ።

«ሁለተኛ ስትነኪ ባገኝሽ ወዮልሽ» አለች፣ ድምፅዋን ሳታነሳ፣ አንድ በአንድ። «ጠመኔ ይበላል እንዴ? አንጀት ያደርቃል! ሰምተሻል?»

ይህን ሁሉ ስትል እኔን አላየችኝም። ዓይኗ ወደ ታች፣ ከጠረጴዛው ላይ ወደ ተንጠለጠለው ጨርቅ ነበር። በደለኛ ስለሆንኩ ልታየኝ ተጸይፋ ነው ብዬ አሰብኩ። ያን ቀን ከእሷ በፊት ማንም ስለመብላት አንድ ቃል እንዳልተነፈሰ ልብ ለማለት ደግሞ ሠላሳ ስድስት ዓመት ፈጀብኝ።

እማዬ ወደ መኪናዋ ስትመለስ ጎንበስ ብዬ ከጨርቁ ሥር ገባሁ። እህቴ ጉልበቷን አቅፋ ተቀምጣለች። ከንፈሯ ዙሪያ ነጭ ዱቄት አለ፤ ጉንጯ ውስጥ አንድ ነገር ቀስ እያለ ይንኮሻኮሻል።

«አመመሽ?» አለችኝ።

«አላመመኝም» አልኩ፣ እንባዬ እየወረደ።

ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። አጎታችን «እንጆሪ» ብሎ ሰይሟት ሁላችንም እንጆሪ ነበር የምንላት። ከንፈሯም ጥፍሯም ሁልጊዜ እንደ በሰለ የዱር እንጆሪ ወይን ጠጅ ቀለም ነበርና፣ ስትሮጥ ይብስባታል፤ ስታለቅስ ደግሞ ወደ ጥቁርነት ይሄዳል። ልቧ ላይ ከእማዬ ሆድ ይዛው የመጣችው ቀዳዳ እንዳለ አውቅ ነበር። እኔ ግን ቀዳዳ ሲባል የአዝራር ቀዳዳ ነበር የሚመስለኝ። እማዬ በቀን ሃያ የአዝራር ቀዳዳ ትዘመዝማለች፤ የልጇን አንድ ቀዳዳ ለምን እንደማትዘመዝም ይገርመኝ ነበር። አንድ ቀን ጠየቅኳት። መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰክታ ወደ ጓሮ ወጣች፤ ስትመለስ ፊቷን ታጥባ ነበር።

የቤታችን አንደኛ ሕግ «እንዳታስደነግጧት» የሚል ነበር። በር በቀስታ ይዘጋል። ፊኛ ቤት አይገባም። የእማዬ ታናሽ ወንድም የሆነው አጎቴ የተሰፋውን ሁሉ የሚተኩሰው እሱ ነበርና፣ ያን ከባድ ካውያውን እንደ ተኛ ሕፃን ነበር የሚያስቀምጠው። እኔ እንኳ ሲያስነጥሰኝ ትራስ ፍለጋ እሮጣለሁ። «ድንጋጤ ለዚህች ልጅ ሞት ነው» ሲሉ ስለሰማሁ ድንጋጤ ማለት አንድ በመንገድ የሚሄድ፣ ሳናየው ሾልኮ የሚገባ ነገር ይመስለኝ ነበር።

እንጆሪ ሕጉን ከሁላችንም በላይ ታውቀዋለች። ጠመኔ ስትበላ መጀመሪያ የያዝኳት ቀን እጄን ጨብጣ እንደ ጠበቃ አስረዳችኝ።

«ለእማዬ ብትነግሪ እማዬ ትቆጣለች። ከተቆጣች እኔ እደነግጣለሁ። ከደነገጥኩ ልቤ ቀጥ ይላል። ስለዚህ የገደልሽኝ አንቺ ነሽ ማለት ነው።»

ነገሩን ከየትም ባዞረው ቀዳዳ አጣሁለት። ሆድ ይፍጀው ብዬ ዝም አልኩ።

«ግን ምን ምን ይላል?» አልኳት።

«ዝናብ የመታው ግድግዳ» አለች፣ ዓይኗን ጨፍና። «ካልበላሁ ራሴን ያመኛል። ስበላ ደስ ይለኛል።»

ቀመስኩት። ጠመኔ ጠመኔ ነው የሚለው። እህቴ ትንሽ ትልቅ ስለሆነች ትንሽ የበለጠ ጣዕም እንደሚገባት አሰብኩ።

ሌላም ጨዋታ ነበራት። ከውሃው ቧንቧ ስንመለስ መንገድ ላይ ድንገት ቁጢጥ ትልና ጉልበቷን ደረቷ ላይ አጣብቃ ትቀመጣለች። «እንቁላል ላይ ነኝ፤ እንዳትነኪኝ» ትለኛለች። እኔም አጠገቧ ቁጢጥ እላለሁ። ሁለት ዶሮዎች ሆነን የሰዎች ጫማ ሲያልፍ እናያለን። እሷ ታለከልካለች፤ እኔ እንደ ዶሮ እጮሃለሁ። የጨዋታው ፈጣሪ እሷ ትመስለኝ ነበር። እንዲህ ያለ ልብ ያላቸው ልጆች፣ ማንም ሳያስተምራቸው፣ አየር ሲያጥራቸው እንደዚያው ቁጢጥ እንደሚሉ ያወቅሁት ኋላ ነው። እሷ ለመተንፈስ ስትታገል እኔ ጎኗ ሆኜ እንቁላል እጥል ነበር።

በዚያ ሰሞን ክሊኒክ ሄድን። እንጆሪ በየጊዜው ልቧን ትታያለች፤ ኪሎ ስትጨምር ትልቁ ሆስፒታል ልቧን ቀድደው ሊጠግኑላት ቃል ተገብቷል። እማዬ ያን ቀን እኔንም ይዛኝ ሄደች፣ ትምህርት ቤት እንቅልፍ እየጣለኝ ነበርና። ሁለታችንም ጣታችንን ተወጋን። ሐኪሙ ሽበታቸው ያማረ፣ እማዬን «ልጄ» የሚሏት አዛውንት ነበሩ። ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ዘረጉና መነጽራቸውን አውልቀው ሳቁ።

«ጉድ እኮ ነው ልጄ! በሽተኛ ያልሻት አሥራ ሦስት ነጥብ ስድስት። ጤነኛ ያልሻት አሥር ነጥብ ስምንት። ደም ያነሳት ትንሿ ናት!»

«እንጆሪስ?» አለች እማዬ።

«እሷማ የጎረምሳ ደም ነው ያላት። ለሌላ የምታበድረው ሁሉ ይተርፋታል።»

ከዚያ በቀይ እስክሪቢቶ በእንጆሪ ወረቀት ላይ «በጣም ጥሩ» ብለው ጻፉ። እማዬ ወረቀቱን በሁለት እጇ ተቀበለች፤ ስለ እንጆሪ አካል ጥሩ የሚል ቃል የተጻፈበት ወረቀት ስትይዝ ያ የመጀመሪያዋ ነበር። ቤት እንደገባን ከመኪናዋ በላይ ግድግዳው ላይ በአራት ስፒል ሰካችው። ልብስ ሊለካ የሚመጣ ሁሉ እጁን ዘርግቶ እየተለካ ያነበዋል።

ለእኔ የብረት ሽሮፕ ታዘዘልኝ። ጥቁር ጠርሙስ፣ የቁልፍ ጣዕም ያለው፣ ጥርስ የሚያጠቁር። እንዴት እንደኮራሁ! በዚያ ቤት መድኃኒት ማለት ክብር ነበር፤ ሁልጊዜ በሰዓት የምትጠራው፣ ትራስ የሚደረብላት፣ በእንኮኮ የምትሄደው እሷ ነበረች። አሁን ጠርሙስ ያለኝ እኔ ነኝ።

«እስቲ ማንኪያውን ልላሰው» አለችኝ እንጆሪ በሦስተኛው ቀን።

«አይሆንም።»

«አንዴ ብቻ። ሽታው ደስ ይለኛል።»

«የአንቺ ደም ሞልቷል፤ ግድግዳውን አንብቢ!» አልኳትና ማንኪያውን እያየችኝ ጥርግ አድርጌ ላስኩት።

የሆስፒታሉ ላቦራቶሪ ሴትዮ፣ በዚህ ታሪክ ኋላ የምትመጣው፣ ከዓመታት በኋላ ነጭ ጋዎኗን ልታሰፋ ሱቃችን ስትመጣ እየለካኋት አስረድታኛለች። ልቡ ንጹሁን ደም ከቆሻሻው ጋር የሚያደባልቅ ልጅ፣ ያቺኑ ጥቂት አየር ለማዳረስ ከጤነኛ ልጅ በጣም የበዛ ደም ማምረት አለበት። እንደ እንጆሪ ለጠቆረች ልጅ አሥራ ስምንት፣ ከዚያም በላይ ነበር የሚጠበቀው። «ለአንቺ ልክ የሆነው ቀሚስ ለእሷ እጀ ጉርድ ነው» አለችኝ፣ እኔ በሜትሩ እጇን እየለካሁ። «ሐኪሙ በአንቺ ልክ ለኳት።» ብረቱ አልቆባት ነበር። ራስ ምታቱ፣ ድካሙ፣ ጠመኔው፣ ሁሉም ብረት ፍለጋ ነበር። ብረቱ ደግሞ እዚያው ቤት፣ ጥቁር ጠርሙስ ውስጥ፣ እኔ ትራስ ሥር ነበር።

ከዚያ በኋላ እንጆሪ እየከሳች፣ እየተነጫነጨች ሄደች። ቧንቧው ድረስ መሄድ ተወች። ቀጥሎ ከአልጋዋ እስከ ጠረጴዛው ያለችው አምስት እርምጃ ራሷ መሃል ላይ እንደ ዶሮ ቁጢጥ የምታሰኛት ሆነች። ማንም ምን ነክቷት ነው ብሎ አልጠየቀም። «ልቧ ነው» ይባላል፣ አለቀ። ሰው አንድ ትልቅ በሽታ ካለው ሌላው በሽታ ሁሉ በእሱ ጥላ ሥር ተደብቆ ይኖራል።

ጠመኔው ግን አልጠፋም። ከጥፊዬ በኋላ ጣሳው ባዶ ሆኖ አያውቅም፤ ዘወትር በትንንሹ የተሰባበረ ጠመኔ ይሞላዋል። እማዬ ጠመኔ መስበር የጀመረችው ለእጇ እንዲመቻት ይሆናል ብዬ ነበር።

ያ ቀን የመጣው የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ሲሰፋ ነው። እማዬ ክር ልትገዛ ወጥታለች። አጎቴ ጓሮ ካውያውን እያጋለ ነው። እኔና እንጆሪ ጠረጴዛው ሥር በሸሚዝ ክምር ተከበን አዝራር እንተክላለን፤ እሷ ትተክላለች፣ እኔ መርፌ ላይ ክር አስገባለሁ። ሌላ ሰው መሆን ትችልበት ነበር እህቴ። ደንበኛ ሁሉ በወጣ ማግስት በእሷ ፊት ላይ ተመልሶ ይመጣል። ያን ቀን ቀሚስ ጠበበኝ ብላ የተጣላችን ወይዘሮ ነበረች።

«እኔ አልወፈርኩም!» አለች እንጆሪ ጉንጯን ነፍታ፣ አገጯን ደራርባ። «ጨርቁ ነው የከሳው! አጥባችሁት ነው፣ ዓይኔ እያየ!»

ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። እሷም ሳቀች። ከዚያ ሳቋ በአንድ በኩል ቀረ። የግራ ከንፈሯ ወደ ታች ተጎተተ፣ ዓይኗ ፈዘዘ፣ «ዓ... ዓይ...» አለች፣ ምራቋ በአገጯ ወረደ። ይሄኛው አዲስ ሰው ነበር። ማንን እንደሆነች ባላውቅም እንዲህ አሳምራ ያደረገችው አንድም አልነበረም።

«ድገሚው!» አልኳት። አጨበጨብኩ። «እንጆሪ ሙች፣ ድገሚው!»

ከግራ እጇ አዝራሮች ተንጠባጠቡ። ነጭ ትንንሽ አዝራሮች በሲሚንቶው ላይ እየተንከባለሉ ሄዱ። እኔ እየሳቅሁ ተከትዬ ለቀምኳቸው። አንድ፣ ሁለት፣ እስከ ዘጠኝ ቆጥሬያለሁ። ተመልሼ ሳይ በሸሚዞቹ ላይ ጋደም ብላ በአንድ ዓይኗ ታየኛለች። እኔም ጋደም አልኩና በአንድ ዓይኔ አየኋት።

አጎቴ ሊወስድ የመጣው ሸሚዝ ነበር። ጨርቁን ገለጠ፣ «እናንተ አይጦች» ሊል ጀምሮ አፉ ላይ ቀረ። ከዚያ ጮኸ። በዚያ ቤት ሰው ሲጮህ ሰምቼ አላውቅም ነበር፤ ግድግዳው የሚሰነጠቅ መሰለኝ። «እንዳታስደነግጣት!» ብዬ እጁን ነከስኩት። እሱ ግን አንስቷት፣ ጫማ እንኳ ሳያደርግ፣ መንገዱን ይዞ ሮጠ። እጇ ከትከሻው ላይ እንደ እርጥብ ፎጣ ይወዛወዝ ነበር። ያኔ ነው ጨዋታ እንዳልሆነ የገባኝ።

እማዬ ተመልሳ ስትሰማ ቀድማኝ ሮጠች፤ እኔ ጎረቤት ይዛኝ ትልቁ ሆስፒታል ስደርስ ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ የክር ቦርሳዋ አሁንም ትከሻዋ ላይ ነው። የግድግዳውን ወረቀት ነቅላ ይዛዋለች። በጉዞ ሁሉ ጨምቃው «በጣም ጥሩ» የሚለው ተሸብሽቧል። ለሚያልፈው ነጭ ለባሽ ሁሉ ታሳያለች።

«ደሟ ሙሉ ነው እኮ! ይኸው፣ ተጽፏል!»

አንድ ወጣት ሐኪም መጣ። ትንሽ የደም ሥር ጭንቅላቷ ውስጥ ተደፍኖባታል አለ። ልባቸው እንዲህ የሆነ ልጆች ደማቸው ስለሚበዛና ስለሚወፍር ጥቂት እየተቀዳ ውሃ እንዲተካበት ይደረጋል አለ። «የቀይ ሴሎቿ ቁጥርም በዝቷል፤ እናሳንሰዋለን።» ነርሷ ቱቦና ከረጢት ይዛ ገባች። እኔ ልቤ ትንሽ ቀለለ። የእሷ ተርፏታል፣ የእኔ አንሷል፤ ከሷ ቀድተው ለኔ ሊሰጡኝ ነው መሰለኝ። ሁለታችንም እኩል ልንሆን ነው።

ይኼኔ ነው የላቦራቶሪዋ ሴትዮ በኮሪደሩ የመጣችው። አጭር፣ ጸጉሯን በላስቲክ ያሰረች፣ ጓንት ሳታወልቅ የምትራመድ።

«ዶክተር፣ ይህን ደም እንዳትቀዳው» አለች።

«እንዴት?»

«በዓይኔ አይቼዋለሁ። ቀይ ሴሎቹ ብዙ ናቸው፤ ግን ትንንሽ፣ የገረጡ፣ ባዶ ጆንያ በላቸው። ይቺ ልጅ ብረት የላትም። ከቀዳህባት ያለችውንም ጭላጭ ነው የምታወጣው። ሥሯን የደፈኑትም እነዚሁ ግትር ትንንሾች ሳይሆኑ አይቀሩም።»

«ሄሞግሎቢኗ እኮ አሥራ ሦስት ነው።»

«ለማን ልጅ አሥራ ሦስት? ከንፈሯን እያት!»

ሴትዮዋ ወደ እማዬ ዞረች፣ ጉልበቷን አጥፋ ከፊቷ ተቀመጠች።

«እናት፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ልጅዎ ምግብ ያልሆነ ነገር ትበላለች? አፈር፣ አመድ፣ የግድግዳ ኖራ፣ በረዶ... ልጆች ይደብቃሉ።»

እማዬ ቀና አለች። ፊቷ እንደ ወረቀቱ ነጣ።

«የእኔ ልጅ? አፈር?» አለች። «ምን ጎድሎባት! ከአፌ ነጥቄ ነው የማበላት። ጠይቁ ሰፈሩን!»

«አልተቆጣሁም እናት። መልሱ ይጠቅመኛል።»

«አትበላም አልኩ እኮ!»

ኪሴ ውስጥ እጄ አለ። እጄ ውስጥ ጠመኔ አለ። ከቤት ስወጣ ከጣሳው ነበር ያመጣሁላት፣ ሰማያዊውን፣ ብርቁን፣ ሆስፒታል ሰው ሲጠየቅ ባዶ እጅ አይኬድም ብዬ። በበሩ ክፍተት የእንጆሪ አልጋ ይታየኛል። ነቅታለች። በአንድ ዓይኗ ቀጥ ብላ ታየኛለች። ብናገር እማዬ ትቆጣለች፤ ከተቆጣች እሷ ትደነግጣለች፤ ከደነገጠች ያበቃል። ነርሷ የእህቴን እጅጌ ወደ ላይ እየሰበሰበች ነበር።

ሄድኩና ጠመኔውን በሴትዮዋ ጓንት ላይ አስቀመጥኩት።

«ይኼን ነው የምትበላው» አልኩ። «በየቀኑ። እባካችሁ ቀስ ብላችሁ ተናገሩ።»

ሴትዮዋ ጠመኔውን ገልበጥ አደረገችው። ጠርዙ ላይ ጥርስ አርፎበት ነበር፣ ጀምራ የተወችው። ለሐኪሙ ሳትናገር አሳየችው። ነርሷ እጅጌውን መልሳ ዘረጋች፤ ከረጢቱ ወጣ። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ጥፊዬን እጠብቃለሁ። አልመጣም። ሳይ እማዬ ጠመኔውን አላየችም። እኔን ነበር የምታየው፣ ደሞ በቁጣ አልነበረም፤ የተያዘ ሰው ዓይን ነበር። ያኔ ቁጣ ነው ብዬ አንገቴን ቀበርኩ። እሷ ከወንበሩ ተንሸራታ መሬት ላይ ተቀመጠችና ፊቷን በክር ቦርሳዋ ሸፈነች።

እንጆሪም በድንጋጤ አልሞተችም።

ያ ጥቁር ጠርሙስ የእሷ ሆነ። በጥንቃቄ፣ በትንሽ በትንሹ፣ በየሳምንቱ ጣቷ እየተወጋ ይሰጣት ነበር፤ ቁጥሩ አሥራ አራት፣ አሥራ ስድስት፣ አሥራ ስምንት እያለ ወጣ። አጎቴ «ይቺ ልጅ ብረት በላች፣ እንግዲህ በማግኔት ነው የምንጠራት» ይል ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ጠመኔ አቀረብኩላት፤ አሽትታ ፊቷን አጨማደደች። «ይሄ ጠመኔ እኮ ነው!» አለችኝ፣ እንደ እብድ እያየችኝ። በዓመቱ ልቧ ተቀደደ፣ ተዘመዘመ። የከንፈሯ ቀለም ሲቀየር ስሟ ግን አልተቀየረም። አፏ ተቃንቷል። ግራ እጇ ብቻ እስካሁን አዝራር አይይዝም።

አሁን አርባ ሦስት ዓመቴ ነው። ሱቁ የእኔ ሆኗል። እንጆሪ በሌላ ከተማ የሬዲዮ ድራማ ላይ የአሮጊቶች ድምፅ ትጫወታለች፤ ስትሳደብ ደንበኞቼን በሙሉ አውቃቸዋለሁ። እማዬ ዓይኗ ደክሟል፤ ቀን ቀን ከጎኔ ተቀምጣ ጨርቅ በእጇ እየዳሰሰች ቶሎ የሚያልቀውንና የሚበረክተውን ትነግረኛለች።

ባለፈው ማክሰኞ ኮት እያሰመርኩ ጠመኔው ከእጄ ወድቆ ተሰበረ።

«በትንሹ ነው የተሰበረው?» አለች እማዬ ድምፁን ሰምታ።

«ሁለት ቦታ።»

«ትልቁ ያንቃል» አለች። «እኔ በጥፍሬ ልክ ነበር የምሰብርላት።»

እጄ ቆመ። በትክክል ያልሰማሁ መሰለኝ። «ለማን?» አልኩ።

ዓይኗን መጋረጃው ላይ ተከለች። ከዚያ ለዘመናት የታጨቀ ነገር ሲፈታ እንደሚሆነው ቃሏ በዝግታ መጣ።

«ጥርሷን አይቼ ነበር፣ ጠመኔው ላይ። ካንቺ በፊት። ምን ላድርግ? ብቆጣት ትደነግጣለች። እኔም እናንተን ሳረግዝ አፈር ያምረኝ ነበር፤ ያልፍላታል ብዬ። አንቺን የመታሁሽ እሷ እንድትሰማ ነው። አልሰማችም። እንግዲህ እንዳያንቃት ብዬ...» እጇን አሻሸች። «ያቺ ሴትዮ ስትጠይቀኝ ግን ምላሴ ተሳሰረ። ልጇን ጠመኔ የምትመግብ እናት ሊሉኝ ነው አልኩ። ደሟን ሊቀዱት እያየሁ። እያየሁ ዋሸሁ።»

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይባላል። ዳውላው እኔ ነበርኩ። ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ ያን ጥፊ ባልሠራሁት እንደ ተመታሁ ሰው፣ ደግሞም ጥፊው እንደሚገባው ሰው፣ በሁለት መንገድ ስሸከመው ኖሬ፣ ለእኔ እንኳ አልነበረም። ሁለታችን በአንድ ክፍል ውስጥ፣ አንዱን ምሥጢር፣ አንዳችን ከአንዳችን ደብቀን ስንጠብቅላት ልንገድላት ለጥቂት ነበር። ሁለታችንም እንዳትደነግጥ ብለን። ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

«ለእንጆሪ እንዳትነግሪያት» አለች እማዬ፣ እጄን በዳሰሳ ፈልጋ ይዛ። «አደራሽን። ትደነግጣለች።»

ያረጀ እጇን ሳምኩት። ቀስ ብዬ ከጉልበቷ ላይ መልሼ አስቀመጥኩትና ስልኬን ይዤ ወደ ጓሮ ወጣሁ።

እንጆሪ አነሳች። ከጀርባዋ ሰዎች ይስቃሉ። ስለ ጠመኔው ነገርኳት፤ ስለ ጥፊው፣ ስለ ስብርባሪው፣ እማዬ መሬት ላይ ከመቀመጧ በፊት ስላየችኝ ዓይን። ከዚያ ሳላስበው ለማንም ያልነገርኩትም ወጣ፦ ማንኪያውን ጥርግ አድርጌ እንደላስኩት፤ አፏ ሲጣመም እንዳጨበጨብኩ፤ ዘጠኝ አዝራር እየቆጠርኩ ስለቅም እሷ እንደወደቀች።

በስልኩ ውስጥ ሳቁ ራቀ፤ በር ተዘጋ። የእህቴን ልብ የሰማሁት መሰለኝ፣ እየመታ ነበር።

«ድገሚው» አለች፣ በማንም ድምፅ ሳይሆን በራሷ።

ቁጢጥ አልኩ፣ ጉልበቴን ደረቴ ላይ አጣበቅሁ፣ ከመጀመሪያው ጀምሬ ደገምኩላት።